ከበቅሎዬ የቀደመው ቃል

ሰኞ፣ ጎሕ ሳይቀድ፤ ደብረ ኤልያስ

በቅሎዬን ጭኜ ከግቢዬ ስወጣ ሰማዩ ገና አመድ መስሎ ነበር። ሣሩ ላይ ውርጭ አለ፤ የበቅሎዋ ኮቴ ሲረግጠው እንደ ጨው ይንኮሻኮሻል። ሚስቴ እስከ በሩ ሸኘችኝና ልጓሙን ስታቀብለኝ፣ «ከበቅሎዋ እርግጫ ይልቅ የእርስዎን አፍ እፈራለሁ፤ አደራ፣ ይጠብቁት» አለችኝ። ሳቅሁባት። አፌ እስከዚያ ቀን ድረስ አሳፍሮኝ አያውቅም።

ጊዜው የጣሊያን ዘመን ነው፤ ኅዳር ተጋምሷል። ዛሬ ስለ መንገድና ስለ ገበያ፣ ስለ ሥልጣኔና ስለ ዕድገት በጋዜጣ የሚጽፉት አብዛኞቹ ያኔ አልተወለዱም፤ የተወለዱትም እንደ እኔ አላዩም። እኔ ያየሁትን አልረሳም። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጬ የሌላውን ልጅ ትምህርት በጆሮዬ እየሰረቅሁ ነው ዳዊት የደገምኩት። ጣሊያንኛንም እንዲሁ፤ ለሰፈራቸው እንጨት ስሸጥ ቃል እየለቀምኩ፣ ዓመት ሳይሞላ ደመወዝ ከሚበሉት አስተርጓሚዎች የምበልጥ ሆኜ ነበር። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

የምሄደው ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ሮብ ገበያ አጠገብ ወደምትኖረው እህቴ፣ ወደ ውብዳር ነው። ባሏ ጣሊያንን ሊወጋ ዱር ገብቷል። ገብሷ ደርቆ ቆሟል፤ የሚያጭደው ሰው የለም። «ሰማዩ ፊቱን አጥቁሯል። በረዶ ሳይመታው ካልታጨደልኝ፣ መሬቱን ትቼ ማርቆስ እወርድና ለመንገድ ሠራተኛ ጠላ እጠምቃለሁ» ብላ በሰው ላከችብኝ። ጠላ መጥመቅ ነውር አይደለም። ነገር ግን ጣሊያን የሾመው የአገሯ ጭቃ ሹም «የሽፍታ መሬት» እያለ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ከለቀቀች ተመልሳ አትገባባትም።

እኔም የምሄደው ማጭዴን ብቻ ይዤ አይደለም፤ ድምፄን ይዤ ነው። ደቦ ስጠራ ከሸለቆው ወዲያ ማዶ ይሰማል። ለከተማ አንባቢ ልንገር፦ ደቦ ማለት ባለ እርሻው ይጠራል፣ ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይመጣል፣ እየዘፈነ ያጭዳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። ክፍያ የለም። ነገ ያኛው ሲጠራ ደግሞ ይሄኛው ይሄድለታል። ውብዳር በሰው ደቦ ላይ ስትጋግር፣ ስትጠምቅና ስታቀብል የኖረች ሴት ናት። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ በዚያ አገር ደቦ ስወጣ ዜማ አውጪ ነበርኩ። ማን ሊቀር ነው?

ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፤ ጨሞጋ

አዲሱን መንገድ ስይዝ በቅሎዬ አልወደደችውም። ጠጠሩ ኮቴዋን ይቆረጥማታል፤ ካሚዮን ባለፈ ቁጥር ጆሮዋን ትጥላለች። ግራና ቀኝ ጤፉ ደርሶ፣ ስንዴው አጎንብሶ፣ ማሳው ሰው አጥቶ ይታያል። መንገዱ ግን ሰው ሞልቶታል፤ ድንጋይ የሚፈልጥ፣ አፈር የሚዝቅ፣ የሬንጅ በርሜል የሚያንከባልል። ትናንት ሞፈር ይጠርቡ የነበሩ እጆች ዛሬ ዲጂኖ ይዘዋል። በየቆርቆሮው ጥላ ሥር ጠላ ሻጭ ተቀምጣለች። አንዲት ባልቴት ዶሮዋን ታቅፋ የወረቀት ሊሬ ወደ ብርሃን አንሥታ እያየች፣ «ልጄ፣ ይሄን ዝናብ ቢነካውስ?» አለችኝ። «ይሟሟል» አልኳት። ወረቀቱን ለገዢዋ መለሰችለትና ጠገራ ብር ካልሆነ ብላ ዶሮዋን ይዛ ሄደች። ብልህ ሴት ናት።

የጨሞጋ ድልድይ ላይ ስደርስ ሥራው ቆሟል። መሐንዲሱ፣ ሰው «ቀይ ጢም» የሚለው ጣሊያናዊ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ እየመታ ይሳደባል። ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ጥግ ይዞ ያጉረመርማል። አጠገባቸው አንድ አስተርጓሚ አለ፤ የቅኔ ትምህርቱን ትቶ ካኪ የለበሰ የማርቆስ ልጅ ነው።

«አያ፣ በቅሎዎን ያቁሙ። ወዴት ነው ጉዞው?» አለኝ።

«ዘለቀ እባላለሁ፣ የኤልያሱ። ወደ እህቴ፣ ለደቦ።»

አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት ነገሩን ራሴ በጣሊያንኛ ለቀይ ጢም ነገርኩት። ሰውየው ባርኔጣውን መምታት አቆመ። ባላገር በቋንቋው ሲያናግረው ያየ ሁሉ እንደዚያ ይሆናል።

«ዴቮ?» አለ። «በእኛ ቋንቋ ‘ግድ አለብኝ’ ማለት ነው።»

«በእኛ ደግሞ ግድ የሌለበት ነው» አልኩት።

ሳቀና አጠገቡ ካለ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የድልድዩ ሠራተኞች በየዕለቱ ደመወዝ እየተከፈላቸው ትተውት ጠፍተዋል። የጠፉት ደግሞ የሌላ ሰው ገብስ በነፃ ሊያጭዱ ነው። ይህ አልገባው ብሎ ያብዳል። «የምከፍለውን ትቶ የማይከፍለው ዘንድ የሚሄድ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?» አለኝ።

እኔም አስረዳሁት። እንዲህ አድርጎ የሚያስረዳ ሰው በአገሩ አልነበረም። «ደቦ የተጠራ ሰው አይቀርም» አልኩት። «ከቀረ በልጅ ልጁ ይሰደብበታል። ገንዘብ ብትሰጠው ይቀየምሃል፤ አሽከር አደረግኸኝ ይላል። ከባለ ደቦው የሚጠበቀው እንጀራና ጠላ ነው። የታመመ እንኳ ባይችል ልጁን ይልካል። ከየቤቱ አንድ ሰው ሳይወጣ አይውልም።»

አስተርጓሚው እጅጌዬን ጎተተኝ። «አያ ዘለቀ፣ ይበቃል። መሽቶብዎታል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ፀሐይዋ ገና አናታችን ላይ ነበረች። ቀንቶ ነው ብዬ ናቅሁት።

ቀይ ጢም ቃሏን እንደ ወይን ጠጅ አፉ ውስጥ አንከባለላት። «ደ…ቦ። ደቦ።» ሲጋራ አውጥቶ ሰጠኝ። አላጨስም፤ ግን ክብር ነውና ከጆሮዬ ላይ ሰክቼ ድልድዩን ተሻገርኩ።

ማክሰኞ፤ ደብረ ማርቆስ

ያደርኩት ከድሮ ወዳጄ ከደሴ ቤት ነው። ደሴ ሸማኔ ነበር፤ የእሱን ጥበብ ኩታ ያልለበሰ ሙሽራ በአካባቢው አልነበረም። ዛሬ የሽመና ጉድጓዱ ተደፍኖ ዶሮ ያድርበታል። እሱ ደግሞ የጣሊያን የጎማ መጋዘን ጠባቂ ሆኗል። ጫማ አድርጓል። ጫማው ስለሚጠበው ቤቱ ሲገባ አውልቆ በእጁ ይይዘዋል።

«ምነው፣ ሸማው?» አልኩት።

«አቡጀዲ በላው» አለኝ። «እኔ አንድ ኩታ ጨርሼ ሳወርድ ካሚዮኑ ተራራ አቡጀዲ አውርዶ ይሄዳል። ከይጁቤ ጥጥ ያመጡልኝ የነበሩት ነጋዴዎችም ዛሬ ለካምፑ እንቁላል ይጭናሉ። ደግሞ አትዘንልኝ። ደመወዜን በየሳምንቱ አገኛለሁ። ሸማኔ ሆኜ ‘ቡዳ’ ይለኝ የነበረ ሁሉ ዛሬ ‘ጌታው’ ይለኛል።»

«ታዲያ ደስ ብሎሃል?»

ጫማውን እያገላበጠ አየው። «ሸማ ስሠራ ማን እንደሚለብሰው አውቅ ነበር። ጎማው የት እንደሚሄድ አላውቅም።»

ከተማውን ዞሬ አየሁት። አዲስ የቆርቆሮ ቤት፣ አዲስ የዳቦ መጋገሪያ፣ አዲስ እስር ቤት። ምሽጉ ላይ መትረየስ፣ ከምሽጉ ሥር ቡና ቤት። ማሳቸውን ጥለው የመጡ ሴቶች ለወታደር ልብስ ያጥባሉ፤ እጃቸው በሳሙናው ነጥቷል። አንዷን «ከየት ነሽ?» አልኳት። «ከሮብ ገበያ በላይ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። እሷን ሳይ ውብዳር ትዝ አለችኝ።

ዕድገት የሚሉትን ያኔ በዓይኔ አየሁት። ሁሉም ነገር መጣ። የሚበላው ግን ማሳ ላይ ቆሞ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሰሜን ስወጣ አንድ ካሚዮን አቧራ አልብሶኝ አለፈ። ከሾፌሩ አጠገብ ቀይ ጢም ተቀምጧል። ከኋላ ባንዶች ተጭነዋል፤ በመካከላቸው ነጋሪት የታቀፈ ሽማግሌ አለ። አንዱ ባንዳ አውቆኝ፣ «አያ ደቦ! እንቀድምዎታለን!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቁ።

ለምን እንደዚያ እንደጠራኝ አልገባኝም። ክፋቱ ይህ ነው፤ እኔን የመሰለ ሰው አልገባኝም።

ረቡዕ፤ ሮብ ገበያ

በመንገድ አድሬ የደረስኩት ገበያው ሲሞላ ነው። ያሰብኩትም ይህንኑ ነበር፤ ረቡዕ ሁሉም ሰው ገበያ ስለሚወጣ፣ ለሐሙስ ደቦ እዚያው እጠራለሁ ብዬ። ብርዱ ለጉድ ነው። ሰው ሁሉ ባና ለብሶ፣ አፍንጫው ብቻ ይታያል። ድንች፣ ገብስ፣ በሶ፣ የበግ ለምድ፣ የጮቄ ማር። ካሚዮኑ እንዴት እንደወጣ እግዜር ይወቀው፣ ከገበያው ዳር ቆሟል፤ ሰው ከግንባሩ ፊት አይቆምም፣ እንደ በሬ ይወጋል ብሎ ነው መሰለኝ።

በቅሎዬን እያሰርኩ ሳለ ነጋሪቱ ተመታ።

«ስማ፣ ያልሰማህ ካለህ ከሰማው ጠይቅ! የመንግሥት ደቦ ወጥቷል! ከየቤቱ አንድ ሰው ሳይወጣ እንዳይውል! የታመመ ልጁን ይላክ! እንጀራው ከባለ ደቦው ነው። ክፍያ የለም፤ ደቦ ነውና ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነው! የቀረ ሰው በልጅ ልጁ ይሰደብበታል፤ እሱም ይገረፋል!»

የመጨረሻዋ ብቻ የእኔ አልነበረችም። ሌላው ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ ጨሞጋ ላይ ከአፌ የወጣ ነው። እኔ በበቅሎ ስመጣ እሱ በካሚዮን ቀደመኝ።

አስተርጓሚው ከካሚዮኑ አጠገብ ቆሞ አየኝ። ዓይኑን አልሰበረም። እኔ ሰበርኩ።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዲት ድንች ሻጭ፣ «እኔን! ጣሊያን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጎረቤታችን የሆነው?» አለች።

«ታዲያ የሱን ስንጨርስ የኛን ሊያጭድ ይመጣላ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ይመጣል እንጂ፣ በዚያ ቀይ ጢሙ ይጠርግልናል!»

ሳቁ ገና ሳያልቅ ባንዶቹ ገበያውን ከበው መልቀም ጀመሩ። ድንቹ ተረገጠ፣ ማሩ ፈሰሰ። የቻለ በገደሉ አፋፍ ሮጠ፤ ያልቻለ ካሚዮኑ ላይ ተጫነ። አጠገቤ የነበረ ገበሬ ሲጎትቱት፣ «ገብሴ ቆሟል፣ ጌቶቼ!» ይላል። «ይሄም ደቦ ነው» አለው ባንዳው። እኔን ነጭ ፀጉሬን አይተው ተዉኝ። ዋጋ የለውም ብለው መሆኑ ነው፤ ይህንንም አልረሳሁላቸውም።

ያን ዕለት ምሽት እህቴ ቤት ስደርስ በሶ በጥብጣ ሰጠችኝ። ያየሁትን ነገርኳት። ጨሞጋ ላይ ያልኩትንም ጭምር ነገርኳት፤ እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም።

«ወንድምዓለም፣ ያን ሁሉ ለሱ ነገርከው?»

«አስረዳሁት እንጂ አልሰጠሁትም። የሰረቀው እሱ ነው።»

የበሶውን ዋንጫ ከእጄ ተቀበለችኝ። ከዚያ፣ «ነገ ማን ይመጣልናል?» አለች።

«እኔ ከጠራሁ ይመጣሉ። ድምፄን ያውቁታል።»

ሐሙስ፤ የውብዳር ማሳ

ጎሕ ሲቀድ ከጉብታው ላይ ወጣሁ። ከታች ሸለቆው ሙሉ ይታያል፤ አውድማዎቹ፣ ከየጣራው የሚወጣው ጭስ፣ በውርጭ የነጣው ማሳ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና እንደ ጥንቱ ለቀቅሁት።

«ደቦ! ደቦ በውብዳር ማሳ! ማጭድህን ይዘህ ና!»

ድምፄ አሁንም ድምፅ ነበር። ገደሉ መልሶ ጠራልኝ።

ሸለቆው ተንቀሳቀሰ። ግን ወደ እኔ አልነበረም። አውድማ ላይ የነበረ ሰው መንሹን ጥሎ ሮጠ። አንዲት ሴት ልጇን ከጀርባዋ አዝላ፣ ሌላውን እየጎተተች ወደ ጥሻው ገባች። ከየቤቱ ወንዶች እየወጡ በጓሮ በኩል ወደ ገደሉ ወረዱ። ስጠራቸው የኖርኩትን ሰዎች ጀርባቸውን አየሁት። ደግሜ ብጠራ የባሰ እንደሚሮጡ ገባኝና አፌን ዘጋሁ።

ቀኑን እኔና ውብዳር ብቻችንን ስናጭድ ዋልን። ከወገቤ በታች የኔ አልመስል አለኝ። ሲመሽ ዞር ብለን ብናይ የታጨደው ከማሳው ጥግ ያለች ቁራጭ ናት። ከጮቄ በኩል ደመናው እንደ ጥቁር በግ መንጋ ተከማችቷል። ነገ ዓርብ ነው፤ ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው፣ ማጭድ አይነሣም። ዝናቡ ደግሞ ሰንበት አያውቅም።

«ማርቆስ ልብስ ማጠብ ይሻላል ወይስ ጠላ?» አለችኝ፣ ነዶ እያሰረች። በአሽሙር አልነበረም፤ የምሯን ነው የጠየቀችኝ። ነዶውን ተቀብዬ ተሸከምኩላት።

ዓርብ፤ እዚያው

ከመኝታዬ የቀሰቀሰኝ የራሴ ለቅሶ ነው።

«ኡኡ! ወንድሜን! ዘለቀን! አገሩ ኤልያስ ሳይገባ ከጄ ላይ የቀረውን!»

ብድግ ብዬ ስወጣ ውብዳር ከጉብታው ላይ፣ እኔ በቆምኩበት ቦታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደረቷን ትደቃለች። በቁም ሰው ላይ ሞት መጥራት ሟርት ነው። ልጮህባት አፌን ስከፍት ሸለቆውን አየሁትና ተውኩት።

ሰው እየመጣ ነበር። ከጥሻው፣ ከገደሉ፣ ከየጓሮው። ትናንት በጀርባቸው ያየኋቸው ሁሉ በፊታቸው መጡ። ወንዶቹ መቃብር ሊምሱ ዶማ ተሸክመዋል፤ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ነጭተው። ስንት ሰው ሞቱን ቆሞ አይቷል? እኔ አይቻለሁ። እንዲህ እንደሚለቀስልኝ ሁልጊዜም አውቅ ነበር፤ ግን ማየት ሌላ ነው።

ግቢው ሲሞላ ማጭዴን ይዤ ከጎጆው ጀርባ ወጣሁ። አንዷ የምሯን ጮኸች። ውብዳር አስቀድማ ድንጋይ አዘጋጅታ ኖሮ አንገቷ ላይ ተሸክማ በግንባሯ ተደፋች።

«ይቅር በሉኝ። ወንድሜ አልሞተም። ገብሴ ግን ሊሞት ነው። ደቦ ብለን ብንጠራችሁ ሸሻችሁ፤ ከዚህ ሌላ የቀረ ቃል አጣሁ።»

የአገሩ ሽማግሌ አያ ጫኔ ወደ እኔ መጡና ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ፤ ሥጋ መሆኔን ሊያዩ ነው።

«ዘለቀ፣ አፈር ልናለብስህ ነበር የመጣነው» አሉ።

«ተመስገን፣ አያ። አላስቸኩልዎትም።»

ድንጋዩን ከእህቴ አንገት አነሡ። «ይቅር ለእግዜር። ሰው ለቅሶ መጥቶ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። መቃብር ከመማስ ደግሞ ገብስ ማጨድ ይቀላል። ማጭድ ያለው ከቤቱ ያምጣ። ብቻ አደራ፣ እንዳትዘፍኑ። የደቦ ዘፈን ከተሰማ ካሚዮኑ ይመጣል።»

«ታዲያ ዝም ብለን እንዴት እናጭዳለን?» አለ አንድ ጎልማሳ።

«ለቅሶ መጥታችሁ የለ? አልቅሱ።»

ገብሱ የታጨደው በሙሾ ነው። አልቃሿ ዘነበች ከማሳው መካከል ቆማ ታወጣለች፣ አጫጁ ይቀበላል፣ ማጭዱ በዜማው ይወርዳል። እንደዚያ ዓይነት አጨዳ አይቼ አላውቅም። ስለ ጀግንነቴ፣ ስለ ድምፄ፣ ስለ ቁመቴ ብዙ ካለች በኋላ፣ ውብዳር ምን ሹክ እንዳለቻት እንጃ፣ ዓይኗን ወደ እኔ ጣል አድርጋ ይህችን ጨመረች፦

«ያለ መምህር ብቻውን የተማረ ሰው፣
ያባቶቹን ቃል ወስዶ ለጣሊያን አዋሰው።»

አጫጁ ተቀበለ። ቤት ይመታል፤ ዜማውም ደህና ነው። እኔ ግን አላዋስኩም፤ ተሰረቅሁ። ልናገር ቀና ስል አያ ጫኔ፣ «ሟች አይናገርም» ብለው መለሱኝ።

ቀትር ላይ ሁለት ባንዶች ጠመንጃ አንግተው መጡ። እኔን ከነዶ ክምር ሥር ሸጎጡኝ።

«ይሄ ምን ስብሰባ ነው?»

«ለቅሶ ነው፣ ልጄ» አሉ አያ ጫኔ።

«በማጭድ?»

«ሟቹ ገበሬ ነበር። ለተዝካሩ የሚሆነውን እያጨድንለት ነው።»

«ማን ነው የሞተው?»

«ዘለቀ፣ የኤልያሱ።»

«ያ አያ ደቦ የሚሉት?» አለ ባንዳው። ቆቡን አውልቆ አማተበ። «ነፍስ ይማር። ወሬኛ ነበር።»

ገብሱ ከአንገትጌዬ ገብቶ ይበላኛል፤ ንግግሩ ደግሞ ከሱ ይብሳል። ከነዶው ወጥቼ የምመልስለት መልስ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጥሩ መልስ ነበር፤ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ዋጥኩት። ባንዶቹ ሄዱ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሳው ተላጨ፤ ነዶው ተሰብስቦ ውሃ እንዳይገባው ሆኖ ተከመረ። ውብዳር የደቦ ድግስ አልነበራትም። ያቀረበችው የለቅሶ ንፍሮ ነው። እየቆረጠሙ፣ አንድ በአንድ እየተነሡ፣ «እግዜር ያጽናሽ» እያሏት ሄዱ። «ደቦሽ ይባረክ» ያላት አንድም ሰው የለም። የመጨረሻው ሰው ከአጥሩ ሲወጣ በረዶው ጀመረ። ባዶ ማሳ ላይ ሲያጓራ አደረ።

ሰኞ፤ ጨሞጋ፣ ወደ ቤት

ድልድዩ አድጓል። የሮብ ገበያ ሰዎች ውሃ ውስጥ ቆመው ድንጋይ ይቀባበላሉ። እንጀራው ከባለ ደቦው ነው የተባለው ጋሌጣ የሚሉት የወታደር ደረቅ ብስኩት ሆኗል፤ እንደ ሸክላ ይሰበራል። «ገብሴ ቆሟል» ይል የነበረውን ገበሬ አየሁት። ወደ ሰሜን፣ ወደ ጮቄ አየና መልሶ አጎነበሰ። በረዶው እስከዚያ መሰማቱን ከፊቱ አወቅሁ። የሱን ገብስ ያለቀሰለት የለም።

ጣሊያን ኋላ ሄደ። ድልድዩ ቀረ፤ በሱ ላይ አውቶቡስ ሲያልፍ ሰው እጅግ ያደንቃል። ካቦ የሚለው ቃልም ቀረ። ደቦ ግን በዚያ አገር ለብዙ ጊዜ ሰው የሚሸሸው ቃል ሆኖ ኖረ። ይህን የሚጽፍ የለምና እኔ ጻፍኩት።

ቀይ ጢም ሲያየኝ ከሣጥኑ ላይ ተነሣ። በጣሊያንኛ አነጋገረኝ፤ እኔ አስተርጓሚውን አየሁት። ግራ ተጋብቶ ተረጎመልኝ።

«ሞተዋል ተብሎ ነበር ይላል።»

«ሌላ ዘለቀ ነው የሞተው በለው። ስሙ ብዙ ነው።»

«አንድ ማሳ በአንድ ቀን ታጭዷል ይላል። ‘እኔ በነጋሪትና በጠመንጃ የማገኘውን ሰው እነሱ በባዶ እጅ ሰብስበውታል። ማን ጠራቸው? በምን ቃል?’ ይላል።»

ሰውየው ሲጋራ አውጥቶ ዘረጋልኝ። ዓይኑ እንደዚያ ቀን በርቷል። ቃሏን ብነግረው፣ በማግሥቱ ነጋሪቱ ሞት ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ለሞተ ሰው እንኳ የሚመጣ አይኖርም። መልሱን ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳው ሰው ደግሞ በአገሩ አልነበረም።

«አላውቅም» አልኩ።

«እርስዎ?» አለ አስተርጓሚው፣ ሳያስበው።

«እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ባላገር ነኝ። አላውቅም በለው።»

ልጁ ለአፍታ አየኝ። ከዚያ ዞሮ አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ ተረጎመ። ቀይ ጢም ሲጋራውን መልሶ ከኪሱ ከተተና አንድ ነገር አለ። ደደብ ማለቱ ነው። ትርጓሜ አላስፈለገኝም፤ ቃሉን ያገሩ ሰው ከሚያውቀው ይልቅ አውቀዋለሁ፣ ስንት ዓይነት አነጋገር እንዳለውም አውቃለሁ። ያልገባው ሰው መስዬ ቆምኩ። አስተርጓሚውም አልተረጎመልኝም፤ በቅሎዬን በልጓሟ ይዞ ድልድዩን አሻገረኝ። «በደህና ይግቡ፣ አያ ዘለቀ» አለኝ። ደቦ አላለኝም።

በዕድሜዬ አላውቅም ያልኩት እዚያ ድልድይ ላይ ብቻ ነው።

ኤልያስ የገባሁት ከብቶች ሲገቡ ነው። ሚስቴ ልጓሙን ተቀበለችኝ።

«ገብሱስ?»

«ገብቷል።»

«ጣሊያኑን አገኙት?»

«አገኘሁት። ጠየቀኝ።»

«ምን አሉት?»

«ምንም።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ኮርቻውን ማውረድ ቀጠለች። እስከ ዛሬ አላመነችኝም።